የአንድ ቦይ ጎረቤታሞች

የያዙኝ ከምሳ በፊት ነው። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የአንዲት መበለት የመሬት ካርታ እያረምኩ ሳለ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ የአባቱን መሬት ለእሱና ለወንድሞቹ ለክቼ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ካነበበልኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጃኬትህን ያዝ። የምንወስድህ ደብረ ብርሃን ነው፤ ይበርድሃል» አለኝ። ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ጃኬቴን ይዤ ወጣሁ።

የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የገበሬ ማሳ መለካት፣ ወሰን ማመላከትና የይዞታ ደብተር መሙላት ነው። ያስያዘኝ ግን የመሬት ጉዳይ አልነበረም። በአንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ማዳበሪያው የደረሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው ብዬ ነበር። መርማሪው በተያዝኩ ማግስት፣ «ይህን እንድትናገር ማን ላከህ?» ሲለኝ «ዝናቡ» ልለው አስቤ ተውኩት። «ማንም» አልኩ። «ማንም» ብሎ ጻፈ።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮቶቹ ከራስ በላይ ናቸው፤ ወንፊት ሽቦ ተመቶባቸዋል። እህሉ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም የነቀዝ ሽታው አልለቀቀም። ሃያ ምናምን ሰው በግድግዳው ዙሪያ ካርቶንና ጆንያ አንጥፎ ተቀምጧል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ።

«ባለሜትሩ!» የሚል ድምፅ ከቀኝ መጣ። «ወላሂ ባለሜትሩ ነው! አንተንም?»

ከግራ ግድግዳ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ «ይኸው፤ አሁን ሦስታችንም ተሟላን» አለ።

ሁለቱንም በድምፃቸው ለየኋቸው። ከአሊዩ አምባ ወረድ ብሎ ባለው ቆላ በአንድ ቦይ የሚያጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው ማሳው ከቦዩ ራስ በኩል ነው፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ሙስሊም ገበሬ። ሌላው ከእሱ በታች ያለውን ማሳ የሚያርስ፣ ሠላሳ ምናምን የሆነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ። እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የላይኛውና የታችኛው እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው።

ክርክራቸው ቢሮዬ ውስጥ የራሱ ፋይል ነበረው። የታችኛው፣ «በተራዬ ቀን ውሃዬን ቆረጠብኝ፤ የሽንኩርት ችግኜ ደረቀ» ይላል። የላይኛው፣ «የወሰን ድንጋይ ነቅሎ መሬቴን ገፋ» ይላል። ሦስት ጊዜ ወርጄ ለክቼላቸው ሦስቱንም ጊዜ ሁለቱም ረግመውኝ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ በጂፒኤስ ብለካ የላይኛው መሣሪያውን አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው?» ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እዚያው ነው የሰማሁት። የላይኛው ተናድዶ ለሚሊሻዎቹ፣ የታችኛው ጫካ ላሉ ታጣቂዎች ስንቅ ያቀብላል ብሎ ነገረ። የታችኛው ተይዞ ሲጠየቅ በተራው፣ እሱ ራሱ ጥይት ይሸጥላቸዋል አለ። እውነት የሆነ አንዳች ነገር የለበትም። በሽንኩርት የተጀመረው ነገር ከውንጀላው አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱንም እዚህ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ ቀኝ ግድግዳውን፣ አንዱ ግራውን ይዘው ጀርባ ተሰጣጥተዋል። ሁለቱም የቆላ ሰዎች ስለሆኑ የደብረ ብርሃን ብርድ ከማንም በላይ የሚያንቀጠቅጠው እነሱን ነው። የላይኛው አንድ ጋቢ አለው። የታችኛው ከስስ ሸሚዙ ሌላ ምንም የለውም።

ቦታ የሰጠኝ አንድ ሽማግሌ ነው። ካርቶኑን ለሁለት ቀዶ ግማሹን አነጠፈልኝና፣ «ጃኬት ያለው ሰው በር አጠገብ ይችላል» አለኝ። ይህ ሰው ወለጋ ተወልዶ፣ ወለጋ አርሶ ያረጀ ገበሬ ነው። ተፈናቅሎ መጥቶ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ በድንኳን ይኖር ነበር። የዕርዳታ ስንዴው ለምን ዘገየ ብለው ሊጠይቁ ከሄዱት ውስጥ አፍ ሆኖ የተናገረው እሱ ስለነበር እሱን ያዙት። አማርኛው መሐል ኦሮምኛ ጣል ያደርጋል። ሁላችንም አባባ እንለው ነበር። ውሃ የሚታደለው በእሱ እጅ ነው፤ ጥጉ ላይ ካለችው ቢጫ ጄሪካን ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ቀድቶ ሲሰጥ አንድም ሰው ሲያጉረመርም አልሰማሁም።

ስለ ሁለቱ ገበሬዎች ሲጠይቀኝ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ልኬቱም፣ ስለ ፋይሉም፣ ስለ ውሃው ተራም። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ሚስቶቻቸውስ?» አለ።

«ሚስቶቻቸውን አልለካሁም» አልኩት።

ሳቀ። ጥቂት ጥርስ ብቻ የቀረው፣ ግን ሙሉ ሳቅ ነበር።

እሑድ የጠያቂ ቀን ነው። በዚያ እሑድ ዘቡ በሩን ከፍቶ ሁለቱን ገበሬዎች አከታትሎ ጠራቸው። አጥሩ ጋ ደርሰው ሲመለሱ የታችኛው አንድ ምሳ ዕቃ ይዟል፤ የላይኛው ባዶ እጁን ነው። ሁለቱም ግራ ተጋብተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ።

«ምነው?» አለ አባባ።

«አብረው ነው የመጡት» አለ የታችኛው። «የእኔዋና የሱ። በአንድ መኪና። ምሳውም አንድ ነው ብለው ለእኔ ሰጡኝ።»

«ምን አሏችሁ?»

የላይኛው ጺሙን እያሻሸ፣ «የእኔዋ ሽንኩርቱ ለምልሟል አለችኝ። ሰኞ እኔ አጠጣለሁ፣ ሐሙስ ለእነሱ እለቃለሁ አለች። ደሞ ሳቀች» አለ።

«በምን ሳቀች?»

«በእኔ ነዋ!»

ምሳ ዕቃው ሲከፈት የሽሮ ፍትፍት ነው፤ የጾምም የፍስክም፣ የክርስቲያንም የእስላምም ጥያቄ የማያስነሣ። አስበውበታል። ሁለቱ ግን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ እጁን ሳይሰድ ፍትፍቱ ቀዘቀዘ። አባባ ካርቶኑን ይዞ ወደ ክፍሉ መሐል ሄደና ተቀመጠ።

«ኑ እስቲ» አለ። «ሴቶቹ ጨርሰውታል፤ እኛ ደግሞ ለወጉ ያህል እንቀመጥ። እኛ ጋ ጃርሱማ ነው የሚባለው። እናንተ ሽምግልና ትሉታላችሁ። አንድ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ያቋረጠ ዛሬ ውሃ አልቀዳለትም።»

ሁለቱም መጥተው በቀኝና በግራው ተቀመጡ። የቀረነው ከብበን ቁጭ አልን። እኔ ደንበኛ ባለሙያ ነኝና በቁራጭ ሳሙና ሲሚንቶው ላይ ማሳዎቹን መሣል ጀመርኩ፤ ቦዩን፣ ወሰኑን፣ የመግቢያ መንገዱን። «በእኔ ልኬት መሠረት» ብዬ ስጀምር አባባ ክንዴን ያዘኝ።

«ቆይ ልጄ። ልኬቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።» ወደ ሁለቱ ዞረ። «ከመጣላታችሁ በፊት ምን ነበራችሁ?»

«ጎረቤት» አለ የላይኛው።

«ጎረቤትማ አሁንም ናችሁ። ምን ነበራችሁ ነው ያልኩት።»

ውጭ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱት ናቸው። በመጨረሻ የታችኛው ሲሚንቶውን እያየ ተናገረ።

«በሬዬ ገደል የገባ ዓመት ነው። ማሽላ የሚዘራበት ሳምንት። ማንንም አልለመንኩም፤ አፍሬ ቤቴ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስወጣ የጋሼ ጥማድ ማሳዬ ውስጥ ነው። ገና የራሱን ሳያርስ።»

የላይኛው ፊቱን አዞረ። ጋሼ ከተባለ ሁለት ዓመት እንደሆነው በኋላ ነገረኝ።

«አንተስ?» አለው አባባ።

«እኔማ... ሚስቴ ምጥ ሲጠናባት ወደ መኪና መንገዱ በቃሬዛ ነበር የወጣች። ዳገቱን ባለሜትሩ ያውቀዋል። ተሸካሚው ይቀያየራል፤ ይሄ ልጅ ግን አልቀየርም አለ። ከታች እስከ ላይ ከፊት ይዞ ወጣ። ትከሻው ተልጦ ሰንብቷል። ልጅቱ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ።

«የዚያን ሐሙስ ውሃውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርቴ ሲጠወልግ ማየት አቃተኝ። የሱም እንደሚጠወልግ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት። ለሚሊሻ የነገርኩትም ውሸት ነው።»

«ድንጋዩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ የታችኛው ወዲያው፣ እንዳይቀደም የፈራ ይመስል።

«ስንት አስገባኸው?» አለ አባባ።

«ሁለት እርምጃ... ሦስት ቢሆን ነው።»

«ሁለት ሜትር ከስልሳ» አልኩ ሳላስበው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከገባሁ ወዲህ ያ ቤት እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ዘቡ በሩን ደብድቦ «ምንድን ነው እሱ?» አለ። ከመሐላችን አንዱ፣ «መሬት እየለካን ነው» አለው። ዘቡ በሩ ሥር ቆሞ እንደቀረ ከጫማው ጥላ አየን።

አባባ ብዙም አላሰበም። ውሃው እንደ ሴቶቹ ይሁን አለ፤ ሰኞ ለላይኛው፣ ሐሙስ ለታችኛው። ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ። ከድንጋዩ ግራና ቀኝ አንዳንድ እርምጃ ማንም ሳያርሰው ሣር ይብቀልበት፤ ሣሩን በዓመት በዓመት ተራ ገብተው ይጨዱት። ይህን ሁሉ እሺ አሉ። ቀጥሎ ያለው ነው የከበደው።

«አሁን ደግሞ እዚህ ያስገባችሁን ቃል በተናገራችሁበት አፍ ትመልሱታላችሁ» አለ። «መርማሪው ዘንድ ሄዳችሁ ዋሽተናል ትላላችሁ።»

የላይኛው ደነገጠ። «አባባ፣ በሐሰት መስክረሃል ብለው ያስቀሩኛል። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ሊያስቀሩህ ይችላሉ» አለ አባባ። «አላስቀሩህም ብዬ አልሸነግልህም።»

«ልጆች አሉኝ።»

«እሱም አለው።»

እኔ እንደማልፈርድበት ለራሴ ነገርኩት፤ እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። የላይኛው ብድግ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደ። በአገራችን ወግ ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። እዚያ ቤት ድንጋይ የለም። ጄሪካኗን አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ መጣ። ገና ጠዋት የተሞላች ናት።

«አውፍ በለኝ» አለ። «ውሃህን ነው የተሸከምኩት።»

የታችኛው ዘሎ ተነሣ። «ኧረ ጋሼ! ኧረ በእመቤቴ! እርስዎ ለእኔ?» ብሎ ጄሪካኗን ከአንገቱ ሊያወርድ ያዘ። የላይኛው አልለቅም አለ። ሁለቱም ያዟት፤ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይጎትታል፤ ውሃው ከክዳኑ ሥር እየተንጠባጠበ ነው።

«አስቀምጡት!» ብሎ ጮኸ አባባ። «ደግሞ በውሃ ልትጣሉ ነው? የሃያ ሰው መጠጥ ነው!»

አስቀመጡት። የታችኛው ጎንበስ ብሎ የላይኛውን ጉልበት ሳመ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። «አውፍ ብያለሁ» አለ የላይኛው። ከዚያ የቀዘቀዘውን ፍትፍት በሉ። መጀመሪያ የጎረሰው አባባ ነው፤ ከሁለቱም እጅ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ከአንድ ጋቢ ውስጥ ተነሥተው በሩን አንኳኩ። አስቀድሞ የገባው የላይኛው ነው። ሲመለስ ሁላችንም ከበብነው።

«መንግሥት ላይ ትቀልዳለህ ወይ አለኝ» አለ። «አይ ጌታዬ፣ የቀለድኩት ጎረቤቴ ላይ ነው አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ብዙ አየኝ። ከዚያ ጻፈው።»

አባባ እንዳለውም ሆነ። ረቡዕ ከሰዓት በሩ ተከፍቶ የታችኛው ስም ብቻ ተጠራ፤ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባለ። የላይኛው ስም አልተጠራም። የታችኛው ዕቃ የለውም፤ ግን አልወጣም። በሩ ላይ ቆሞ ዘቡን፣ «እሱስ?» አለው።

«አንተን ነው የጠራሁህ።»

«አብረን ነው የተናገርነው።»

ያን ጊዜ የላይኛው ከተቀመጠበት ሆኖ ተቆጣ፤ እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ አባት ነው የተቆጣው። «ሂድ አንተ! ምን ይገትርሃል? ነገ ሐሙስ ነው፤ ውሃው ያንተ ነው!»

ልጁ ተመልሶ ገባና አንገቱን አቅፎ ሦስት ጊዜ ሳመው። ዘቡ በሩን እንደያዘ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ጠበቀው።

የላይኛው ቀረ፤ ግን የተጸጸተ አይመስልም ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በመስኮቱ ወንፊት የሚገባውን ብርሃን ያይና፣ «አሁን እያጠጣች ነው» ይለኛል።

እኔ የምወጣበት ቀን ሲቃረብ አባባን፣ ማስታረቅ ከማን እንደተማረ ጠየቅኩት።

«በመጣላት» አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ወለጋ እያለ በሰሜን በኩል ከሚያዋስነው ጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልቶ አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጡም። ጎረቤቱ ኦሮሞ ነው፤ አባባ አማራ። በመሐላቸው አንዲት የዋንዛ ዛፍ አለች፤ አንዱ የእኔ ናት ይላል፣ ሌላውም የእኔ ናት ይላል። አገሩ የታመሰ ዕለት አባባ ገበያ ነበር። የአባባን ልጆች፣ ሦስቱንም፣ ያ ጎረቤት ወስዶ የበቆሎ ጎተራው ውስጥ ደበቃቸው። ሁለት ቀን አብልቶ አሳደራቸው። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ይዟቸው ሄዶ አስፋልቱ ላይ ለእናታቸው አስረከባቸው።

«እኔ ሌላ መንገድ ነው የወጣሁት» አለ አባባ። «ይቅር በለኝ ሳልለው መጣሁ።»

ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ። የይዞታ ደብተሩ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። የምሞላውን ዓይነት ወረቀት እንድሞላለት ፈለገ። ዋጋ እንደሌለው ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ። እስክሪብቶ ከዘቡ ተዋስኩ፤ የብስኩት ካርቶን ቀድጄ በነጩ በኩል ሠንጠረዡን አሠመርኩ። ስሙን፣ ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ጻፍኩ። የመሬቱን ዓይነት፣ የሚዘራበትን። ወደ አዋሳኞች ደረስን።

«በምሥራቅ?»

«ወንዝ።»

«በደቡብ?»

«መንገድ።»

«በምዕራብ?»

«ወንድሜ። አሁን እሱም የለም፤ ግን ጻፈው።»

«በሰሜን?»

የጎረቤቱን ሙሉ ስም ነገረኝ፤ ፊደል እንዳልስት ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ካርታውን ስሥል የወሰኑን መሥመር የት ላይ እንደማደርገው ጠየቅኩት።

«እሱ በሚለው በኩል» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«ዋንዛዋም ወደ እሱ ትሁን» አለኝ። «ጻፈው።»

ጻፍኩት። ከታች ስሜንና ሙያዬን አስፍሬ ፈረምኩ፤ ማኅተም አልነበረኝም። አባባ በሌባ ጣቱ መሥመሩን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት፤ ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። የላይኛው ከእኔ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ተፈታ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ የተቀበለው የታችኛው ነው። ባለፈው ወርጄ አይቻቸዋለሁ። ሽንኩርታቸው መልካም ነበር። አሁን የሚከራከሩት በፍየል ነው፤ ግን ቁጭ ብለው፣ ማሾ እየፈለፈሉ፣ እየተሳሳቁ ነው የሚከራከሩት። አባባም ተፈትቶ ዛሬም መጠለያው ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን በወጣሁ ቁጥር ጎራ እላለሁ። የሁለቱን ደህንነት ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ። ጎረቤቱን በስልክ አግኝቶት እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ የሚነግረኝ ቀን ካለ ይነግረኛል።

ሰዎች ስለዚያ ቤት ሲጠይቁኝ ክፉ ክፉውን ሊሰሙ ይፈልጋሉ። ብርዱም፣ ቅማሉም፣ ስድቡም ነበር፤ አልክድም። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰው ድንበሩን ለማስፋት ሲምል ነው የሰማሁት። ድንበሩን በፈቃዱ ያጠበበ ሰው ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ሰው አንድ ስንዝር መሬት አልነበረውም።